ጦርነት ሰው የነጠቀውን ማጽናናት

በሕመም ወይም በእርጅና ዘመዱን የቀበረ ሰው የማይገጥሙት ጥያቄዎች አሉ። እውነት ሞቷል? የት ነው የወደቀው? ብቻውን ነበር? ወዲያው አለፈ ወይስ ሲጣጣር ቆየ? ማን ገደለው? አስከሬኑስ የት ደረሰ? ጦርነት ሰው የነጠቀው ቤተሰብ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ይረከባል፤ አብዛኞቹንም መልስ ሳያገኝላቸው ለዓመታት ይዟቸው ይኖራል። ሊያጽናና የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐዘኑን እንደ ማንኛውም ሐዘን ቆጥሮ፣ ለማንኛውም ሐዘን የሚባለውን ብሎ ይነሣል። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያመው ቦታ ሌላ ስለሆነ ነው።

የጦርነት ሞት ከሌላው የሚለየው በድንገተኛነቱ ብቻ አይደለም። ድንገተኛ ሞት በመኪና አደጋም ይመጣል። ይህኛው ግን ሰው ሆን ብሎ ያደረሰው ሞት ነው፤ ብዙ ጊዜም ምስክር የለውም። ከዚያም ብሶ የሞተው ሰው ገና ተለቅሶ ሳያበቃ የመግለጫና የንግግር ማድመቂያ ይሆናል። እናት ልጇን ታለቅሳለች፤ ዙሪያዋን ያለው ሰው ስለ ድልና ሽንፈት ያወራል። የሞቱን ትርጉም ሌሎች ይነግሯታል። እኔ እንደማምነው አጽናኝ መጀመሪያ መተው ያለበት ይህን ነው፤ ለሞቱ ትርጉም መስጠትን። የእሱ ድርሻ ሌላ ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን አንዱን ነገር አብሮ መያዝ።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁርጡ ያልታወቀ ሞት

ከሁሉ የከበደው ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ቤተሰብ ሐዘን ነው። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ አብራሪዎችን ቤተሰቦች አጥንታ ለዚህ ሁኔታ ስም አወጣችለት። በእኛ ቋንቋ “ቁርጡ ያልታወቀ እጦት” ብንለው ይስማማዋል። ሰውየው ቤት ውስጥ የለም፤ በልብ ግን አለ። ሚስቱ ሚስት ትሁን መበለት አታውቅም። እርሟን ብታወጣ በቁሙ የቀበረችው ይመስላታል፤ ባታወጣ ዕድሜዋ በር በር ሲያይ ያልቃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ለውጭ ሰው ይህ “አልቀበልም ማለት” ይመስለዋል። ቦስ ያሳየችው ግን ችግሩ የሴትየዋ ድክመት ሳይሆን የሁኔታው ጠባይ መሆኑን ነው። ማንም ሰው እዚያ ቦታ ቢቆም እንዲሁ ይሆናል።

እዚህ ላይ አጽናኙን ሁለት ነገር ይፈትነዋል። አንዱ “አይዞሽ፣ ይመጣል፣ ልቤ ነግሮኛል” ማለት ነው። ሌላው “በቃ፣ ቁርጥሽን እወቂ፣ ልጆችሽን አሳድጊ” ማለት ነው። የመጀመሪያው የማያውቀውን ተስፋ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የማያውቀውን ሞት ያውጃል። ሁለቱም የሚወለዱት እኛው ራሳችን አለማወቅን መታገሥ ስላቃተን ነው። እውነተኛው ቃል አጭር ነው፤ “በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ሁለቱን ይዞ መኖር እንዴት ይከብዳል!” እንዲህ የተባለች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለችበትን ቦታ ያየላት ሰው አገኘች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አንዱ ጎን የምታዘነብለው እሷ ናት፣ በራሷ ጊዜ። ዛሬ “ሞቷል” ብላ ነገ ልብሱን አጥባ ብታስቀምጥለት ተቃርኖዋን አንቁጠርባት።

እጅ የሚያስገባ ሥራ ያለውም እዚህ ነው። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 32 ላይ ቤተሰቦች የዘመዶቻቸውን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የጠፉ ሰዎችን መፈለግ የጀመረው በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ጊዜ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጄኔቫ ላይ የተከፈተው ቢሮ 7 ሚሊዮን ያህል የስም ካርዶች አደራጅቶ ነበር። ዛሬም በየአገሩ ያሉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የፍለጋ ጥያቄ ይቀበላሉ። ሐዘን ያደከመው ሰው ግን ፎርም ለመሙላት እንኳ አቅም ያጣል። ስለዚህ አብሮ መሄድ፣ የጠፋው ሰው የታየበትን የመጨረሻ ቦታና ቀን፣ የነበረበትን ክፍል፣ ፎቶግራፉን፣ የጠባሳውንና የጥርሱን ምልክት አንድ ላይ ማሰባሰብ፣ ማን ጋ እንደተደወለና ምን እንደተባለ በደብተር መያዝ ከመቶ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል። ሰዎች አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ከመመለስ ያርፋሉ። የሕግ ጣጣም አለ። በብዙ አገሮች አንድ ሰው “ሞቷል” ሳይባል መጥፋቱ ብቻ በሕግ የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። ቤተሰቡ ጡረታ ወይም ንብረት ለማስከበር ሲል ያላመነበትን ሞት እንዳይፈርም ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማገናኘት ትልቅ እርዳታ ነው።

አስከሬን ሲገኝ ሁሉም ያበቃል ብለን እንዳናስብ ደግሞ ስሬብሬኒጻን ላንሣ። በጁላይ 1995 በቦስኒያ በዚያች ከተማና በአካባቢዋ 8,000 ያህል ወንዶችና ወንድ ልጆች ተገደሉ። ገዳዮቹ ወንጀሉን ለመደበቅ የጅምላ መቃብሮቹን በማሽን ቆፍረው አፅሙን ወደ ሌላ ቦታ ስላዞሩት፣ የአንዱ ሰው አካል በሁለትና በሦስት ጉድጓድ ተበታትኖ ተገኘ። ኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ማንነታቸው ሲለይ ቤተሰቦች ለማንም የማይመኙት ጥያቄ ቀረበላቸው፤ የተገኘውን ጥቂት አጥንት አሁን ትቀብራላችሁ ወይስ ቀሪው እስኪገኝ ትጠብቃላችሁ? አንዳንዶቹ ቀብረው ከዓመታት በኋላ መቃብሩን እንደገና ለመክፈት ተገደዱ። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ሐዘኑ ከ10 ዓመት በኋላ በአንድ የስልክ ጥሪ እንደ አዲስ ይጀምራል። “እስከ ዛሬ?” የሚል ፊት ያን ዕለት ማሳየት ጭካኔ ነው።

መርዶው

መርዶ አንዴ ከተነገረ አይመለስም፤ የተነገረበት ሁኔታም ዕድሜ ልክ ይታወሳል። ሰዎች ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ የት እንደቆሙ፣ ነጋሪው ምን እንደለበሰ ይነግሩሃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ1864 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ 5 ወንዶች ልጆቿን አጣች ለተባለች ሊዲያ ቢክስቢ ለምትባል የቦስተን መበለት የማጽናኛ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ድረስ በውበቱ ይጠቀሳል። ነገር ግን በውጊያ የሞቱት ልጆቿ 2 እንደነበሩ ኋላ ተረጋገጠ። የአገር መሪ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ከተሳሳተ፣ ከሰው አፍ የሰማነውን ወሬ ይዘን ወደ አንድ ቤት ስንሄድ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን ማሰብ ነው። የስም መመሳሰል በጦር ሜዳ ብዙ ነው።

ከተረጋገጠ በኋላ ግን መጠምዘዝ አይጠቅምም። ለማለማመድ ብሎ “ትንሽ ቆስሏል” ማለት ደግነት ይመስላል። ሰሚው ግን ለሁለት ሰዓት የውሸት ተስፋ ይዞ፣ ሆስፒታሉ የት ነው እያለ ይሮጣል፤ ኋላም እውነቱን ሲሰማ ሁለት ጊዜ ይመታል። በአካል መሄድ፣ ቢቻል ሁለት ሆኖ፣ ሰውየውን ማስቀመጥ፣ “ከባድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት” ብሎ መጀመር፣ ከዚያም “ሞቷል” የሚለውን ቃል ራሱን መናገር። “ተሰዋ”፣ “አለፈ”፣ “የለም” የሚሉት ቃላት በድንጋጤ ውስጥ ላለ ሰው አይገቡትም። ቀጥሎ ዝም ማለት ነው። ጥያቄ ሲመጣ የሚታወቀውን መንገር፣ የማይታወቀውን “ይህን አላወቅንም” ማለት። “ምንም ሳይሰቃይ ነው ያለፈው” የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የፈጠራ ቃል ነው፤ አንድ ቀን አብሮት የነበረ ወታደር መጥቶ ሌላ ነገር ሲናገር ቤተሰቡ የሰማውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ሐዘንተኛው ዝርዝሩን ካልጠየቀ ግን ዝርዝሩን ማውረድ የእኛ መብት አይደለም።

በዚህ ዘመን ከባዱ ነገር ስልኩ ነው። መርዶው በሰው ሳይደርስ ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ቀድሞ ይደርሳል። የሞተን ሰው ምስል ያጋራ ሰው አንዲት እናት ልጇን እንዲህ ሆኖ እንድታየው ፈርዶባታል። “ነፍስ ይማር” ብለን የምንጽፈው እንኳ ቤተሰቡ መስማቱን ካረጋገጥን በኋላ መሆን አለበት።

“በጀግንነት ነው የወደቀው”

በዚሁ የሊንከን ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማጽናኛ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው፣ እንዲህ ካለ ከባድ ሐዘን ሊያወጣት የሚሞክር ቃል ሁሉ ምን ያህል ደካማና ፍሬ ቢስ እንደሆነ እንደሚሰማው ጸሐፊው ያምናል። ሌላው፣ ለነፃነት ይህን የመሰለ መሥዋዕት በማቅረቧ ክብር ሊሰማት እንደሚገባ ይነግራታል። እኔ ከሁለቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ያ ቃል ማን አፍ ላይ እንደሚያምር መለየት ያስፈልጋል። አባት ራሱ “ልጄ ጀግና ነበር” ካለ፣ አጠገቡ ተቀምጦ “ነበር” ማለት ክብር ነው። ኩራቱ የሚደገፍበት ምርኩዙ ሊሆን ይችላልና ማንም አይንጠቀው። እኛ ቀድመን ካልነው ግን ማልቀሱን በጨዋ ቃል ከለከልነው። የጀግና አባት ማልቀስ ነውር ይመስለዋል። ልጁን የላከውን ሰው መርገም ቢፈልግ እንኳ ፊታችን ላይ አይረግምም፤ ብቻውን ሲሆን ያቃጥለዋል።

ደግሞ ማንም ጀግና የማይለው ሟች አለ። በተሸነፈው ወገን የነበረ፣ ከጦሩ የከዳ፣ በራሱ ወገን ጥይት በስሕተት የተመታ፣ በካምፕ ውስጥ በበሽታ የሞተ፣ ከግንባር ተመልሶ ራሱን ያጠፋ። መድኃኒት ጠፍቶ አልጋ ላይ የሞተች አያትም የጦርነቱ ሟች ናት፤ በየትኛውም ሐውልት ላይ ግን ስሟ አይጻፍም። ኬኔት ዶካ የተባሉ ምሁር በ1989 አካባቢው የማይቀበለው ሐዘን ከሌላው እንደሚከብድ ጽፈዋል። ሐዘንተኛው ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን የማዘን መብቱንም አብሮ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቤት በር የሚያንኳኳ ጥቂት ነው። መሄድ ሞቱን ማጽደቅ፣ ወገን መምረጥም አይደለም። ሰው ሞቶበታል፤ በቃ።

ጸጸት

ኬተ ኮልቪትስ የበርሊን ሠዓሊና ቀራፂ ነበረች። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ታናሽ ልጇ ፒተር ለመዝመት ፈለገ፤ ዕድሜው ስላልደረሰ የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባቱ አልፈቅድም አለ። እናትየው አማለደችው፤ ልጁም ሄደ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ቤልጂየም ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። እንግሊዝ ውስጥም ጸሐፊው ራድያርድ ኪፕሊንግ ዓይኑ ደካማ በመሆኑ ጦሩ ያልተቀበለውን ልጁን ሰው አስለምኖ አስገባው፤ ልጁ ጆን በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ ሎስ በተባለ ቦታ በተደረገው ውጊያ በዚያው 18 ዓመቱ ጠፋ። አባት ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ አስከሬኑን አላገኘም። ማንነታቸው ባልታወቀ ወታደሮች መቃብር ላይ የሚጻፈውን “እግዚአብሔር የሚያውቀው” የሚለውን ቃል ያመነጨው እሱ ነው።

የእነዚህን ሁለት ወላጆች ያህል ጎልቶ ባይታይም ጸጸት በእያንዳንዱ የጦርነት ሐዘን ውስጥ ተሸሽጎ አለ። “ሂድ ብዬው ነው።” “አትሂድ ባልኩት ኖሮ።” “የመጨረሻውን ስልክ ቶሎ ዘጋሁበት።” “እኔ ተርፌ እሱ ሞተ።” እኛም ወዲያው “አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ተይ ይሄን” እንላለን። አሳቢነት ነው፤ ግን በር ይዘጋል። ሴትየዋ ጸጸቷን አልተወችም፤ ለእኛ መናገሩን ብቻ ተወች። ከዚህ የሚሻለው መስማት ነው፤ እስከ መጨረሻው፣ አንዴ ብቻም ሳይሆን። ከብዙ መስማት በኋላ አንድ ጥያቄ ሊጠቅም ይችላል፤ “ያን ቀን ስትፈቅጂለት ምን ታውቂ ነበር?” ጸጸት ዛሬ የምናውቀውን ትናንት እንደምናውቅ አድርጎ ይከሰናል። ጥያቄው ሁለቱን ቀኖች ይለያያቸዋል። ከእውነት ጥፋት ያለበትም ይኖራል፤ ያኔ “የለብህም” ከማለት “አዎ፣ ይህ ከባድ ነው” ብሎ አብሮ መቀመጥ ይሻላል።

ኮልቪትስ ለልጇ ሐውልት ማሰብ የጀመረችው በሞተበት ዓመት ነው። ጀመረች፣ ተወች፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና ያዘች፤ ሥራው ያለቀው በ1932 ነው። 18 ዓመት ፈጀባት፤ ልጇ በሕይወት የኖረውን ያህል ዘመን። ሐውልቱ ልጁን አያሳይም። የተንበረከኩ አባትና እናት ናቸው፤ አንድ ድንጋይ ላይ ሳይሆን ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድንጋይ። እሱ ቀጥ ብሎ ክንዶቹን በደረቱ ላይ ጭምቅ አድርጎ ይዟል፤ እሷ አጎንብሳለች። ይህን የማነሣው ባልና ሚስት በአንድ ልጅ ሞት አንድ ዓይነት እንደማያዝኑ ከዚህ የተሻለ ያሳየ ስለማላውቅ ነው። እሱ ዝም ማለቱ አለማዘን፣ እሷ ማልቀሷ መሸነፍ አይደለም። አጽናኝ የአንዱን መንገድ ለሌላው መለኪያ ማድረግ የለበትም። “አንተ ጠንክር፣ የቤቱ ምሰሶ አንተ ነህ” ማለትም ሰውየውን የሚያለቅስበትን ቦታ ማሳጣት ነው።

ስሙን መጥራት

ከሳምንታት በኋላ ሰዎች የሟቹን ስም መጥራት ያቆማሉ፤ እንዳያስታውሱት ብለው። ሐዘንተኛው ግን የረሳበት ደቂቃ የለም። ስሙ ሲጠራ ቢያለቅስ እኛ አላስለቀስነውም፤ ብቻውን ሊያለቅሰው የነበረውን ሰው ፊት አለቀሰው እንጂ። “ምን ዓይነት ልጅ ነበር?” የሚል ጥያቄ ሟቹን ከአሟሟቱ ያወጣዋል። ጦርነት ሰውን ወደ መጨረሻዋ ሰዓቱ ያጠበዋል፤ 20 ዓመት የኖረ ሰው በአንድ ደቂቃው ብቻ ይታወሳል። ሳቁ፣ ግትርነቱ፣ የሚወደው ኳስ፣ ያበሳጨበት ቀን ሁሉ መነሣት አለበት።

“ጊዜ ይሽረዋል” የሚለውም መጠነኛ እርማት ይፈልጋል። ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1969 ያስተዋወቀቻቸው የታወቁት 5 የሐዘን ደረጃዎች መጀመሪያ የተነገሩት ለመሞት ስለተቃረቡ ሕሙማን ነበር፤ ሰው ስለሞተበት ሰው አልነበረም። ሐዘን ደረጃ በደረጃ አይወርድም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ያሉ ተመራማሪዎች ሐዘንተኛ ከሟቹ ጋር ያለውን ትስስር መልኩን ለውጦ ይዞት እንደሚኖር፣ በሐዘኑና በዕለት ኑሮው መካከልም እየተመላለሰ እንደሚቆይ ይናገራሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የሳቀ ሰው ክፉ አይደለም፤ በሦስተኛው ዓመት ያለቀሰም ደካማ አይደለም።

እርዳታ ስናቀርብም “የምትፈልገው ነገር ካለ ደውልልኝ” ማለት ሥራውን ለእሱ መስጠት ነው፤ አይደውልም። “ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ” ማለት ግን መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው።

ለሕፃናት ደግሞ እውነቱን በአጭር ቃል መንገር ይበቃል። “ተኝቷል” የተባለ ልጅ እንቅልፍ ይፈራል፤ “ሩቅ አገር ሄዷል” የተባለ ደግሞ ለምን አይደውልልኝም ብሎ ይቀየማል። “አባባ ሞቷል፤ ሰውነቱ ሥራውን አቁሟል፤ አይመለስም፤ አንተ ምንም አላጠፋህም።” ልጁ ይህን ሰምቶ ወዲያው ሊጫወት ይሮጥ ይሆናል። ነገ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል፤ ያንኑ መመለስ ነው።

ከእኛ አቅም በላይ የሆነም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የተራዘመ ሐዘንን አንድ የሕመም ዓይነት አድርጎ አካቷል። ናፍቆቱ ወይም ሥቃዩ ቢያንስ ከ6 ወር በላይ ሳይላላ ቆይቶ፣ ከአካባቢው ልማድም አልፎ፣ ሰውየውን ከኑሮው ሙሉ በሙሉ ሲያወጣው ማለት ነው። መሞት እፈልጋለሁ ያለ፣ መብላትና መተኛት ያቆመ፣ በመጠጥ የተደበቀ ሰው ግን 6 ወር አይጠበቅለትም፤ ዛሬውኑ ወደ ባለሙያ ይዘነው እንሂድ። ያየውን እንዲተርክ ማስገደድ ግን አይረዳም። ድርጅቱ በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ይጠቀልለዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማስተዛዘኛ ንግግር ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ሁሉም የሚረሳው አንድ ቀን አለ፤ ጦርነቱ ያበቃበት ቀን። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወን በኖቬምበር 4 ቀን 1918 በ25 ዓመቱ ግንባር ላይ ተገደለ። መርዶው ወላጆቹ ዘንድ የደረሰው ኖቬምበር 11 ቀን ነው፤ ከተማው ሰላም ሆነ ብሎ ደወሉን ሲደውል። ለሌላው ልጁ የሚመለስበት ቀን፣ ለእነሱ የማይመለስ መሆኑ የተረጋገጠበት ቀን ሆነ። ሰላም ሲታወጅ፣ እስረኞች ሲለቀቁ፣ ጎረቤት ልጁን ሲቀበል፣ እንዲህ ያለ ቤት መጋረጃውን ዘግቶ ይቀመጣል። ደስታውን ማንም አይከልክል፤ ከደስታው ግን አንድ ሰዓት ቀንሶ ያን ቤት ማንኳኳት ይቻላል። ቃል ይዞ መሄድም አያስፈልግም፤ የልጁን ስም ማወቅ ይበቃል።